ከዋልታ የሚመጣው ቁጥር እንዴት ይሰላል?

ከእናንተ መካከል በስካንዲኔቪያ ወይም በካናዳ የሚኖር፣ ሰማዩ በአረንጓዴ ብርሃን ሊደምቅ ነው በተባለበት ምሽት «ኬፒ ስድስት ደርሷል» ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። ኬፒ ጀርመናዊው ዩልዩስ ባርትልስ እ.ኤ.አ. በ1949 ያስተዋወቀው፣ የምድርን ማግኔታዊ መስክ ሁከት በየሦስት ሰዓቱ ከ0 እስከ 9 የሚመድብ መለኪያ ነው። ጣቢያዎቹ 13 ሲሆኑ ከዋልታዎቹ ርቀው የተተከሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1989 የኪዩቤክ የመብራት ኃይል አውታር በማግኔት ማዕበል ሲወድቅ የፈጀው 90 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ 6 ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጨለማ ውስጥ ቆየ። ለእንዲህ ያለው ነገር ሦስት ሰዓት ረጅም ነው። በየደቂቃው የሚሰላው፣ ፒሲ የተባለው የዋልታ መለኪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ፀሐያዊው ነፋስ የራሱን ማግኔታዊ መስክ ይዞ ይመጣል። ይህ መስክ ወደ ደቡብ ሲያዘነብል ከምድር መስክ ጋር ይገናኝና በዋልታው ሰማይ ላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ፣ ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ያደርጋል። ከሥሩ ያለው ማግኔቶሜትር ይህን ይመዘግባል። ሩሲያዊው ኦሌግ ትሮሺቼቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 መለኪያውን ሲያስተዋውቁ ለእያንዳንዱ ዋልታ አንድ ጣቢያ በቂ ነው አሉ፤ ለሰሜኑ በግሪንላንድ ያለው ቱሌ (ቃናቅ)፣ ለደቡቡ በአንታርክቲካ ያለው ቮስቶክ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ምንም ሁከት በሌለበት ቀን መሣሪያው ያሳይ የነበረው መጠን ከንባቡ ላይ ይቀነሳል። የቀረው፣ ከፀሐያዊው ነፋስ ጋር ይበልጥ በሚስማማው አቅጣጫ ይለካል፤ አቅጣጫው እንደ ሰዓቱና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ከዚያም የብዙ ዓመታት መዝገብ ከፀሐያዊው ነፋስ የኤሌክትሪክ መስክ ጋር ተነጻጽሮ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጥተኛ መስመር ይፈለጋል። ከዕለቱ ሁከት የመስመሩ መነሻ ይቀነስና በመስመሩ ተዳፋት ይካፈላል። መልሱ የሚነገረው በማግኔት መለኪያ ሳይሆን በሚሊቮልት በሜትር ነው። እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ነው፤ በረዶ ላይ የተቀመጠ መሣሪያ ጠፈር ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ይነግረናል ማለት ነው።

የመካፈሉ ጥቅም በወቅቶች ላይ ይታያል። በበጋ ፀሐይ የማትጠልቅበት የዋልታ ሰማይ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ያው ነፋስ ከክረምቱ ይልቅ ትልቅ ሁከት ያስነሳል። ተዳፋቱ ለየወሩና ለየሰዓቱ ለብቻው ስለሚሰላ ልዩነቱ ይጣፋል። ቱሌ በጋ ሲሆን ቮስቶክ ክረምት ነውና ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው ጥሩ መፈተኛ ነው።

ችግሩ እዚሁ ላይ ተነሣ። ሰሜኑን ዴንማርኮች፣ ደቡቡን ሩሲያውያን ለየብቻ ሲያሰሉ «ጸጥተኛ ቀን» የሚሉት አንድ አልነበረም፤ ቁጥሮቹም አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጋራ ዘዴ ታተመ፤ በ2013 ዓለም አቀፉ የጂኦማግኔቲዝምና ኤሮኖሚ ማኅበር አጸደቀው። ይሁንና ከጋራው ዘዴ አዘጋጆች አንዱ የነበሩት ዴንማርካዊው ፒተር ስታውኒንግ የጸደቀውን የጸጥታ መነሻ አሰላል ከዚያ በኋላም በተከታታይ ጽሑፎች ተችተዋል። በበኩሌ ክርክሩን እንደ ጥቃቅን ነገር አላየውም፤ መነሻው በተሳሳተ ቁጥር ማዕበል ያልነበረበት ቀን ማዕበል ሊመስል፣ የነበረውም ሊያንስ ይችላል።

ነገሩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። የዋልታው ኤሌክትሪክ መስክ በድንገት ሲለዋወጥ ውጤቱ እስከ ማግኔታዊው የምድር ወገብ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ወገብ ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ የሚመዘግበው፣ በዚሁ ወገብ ላይ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስሰውን የሰማይ ኤሌክትሪክ ነው። በማዕበል ቀን የቱሌና የአዲስ አበባ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አብረው የሚዘሉበት ጊዜ አለ።