ከፊርማው አጠገብ የተጻፉ ሁለት ፊደላት

በምዕራብ ሀንጋሪ በምትገኝ ቼሂሚንድሴንት በተባለች መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. የተወለዱት ዮዜፍ ሚንድሴንቲ፣ ጀርመናዊ ድምፅ ያለውን የቤተ ሰባቸውን ስም ትተው በመንደራቸው ስም ይጠሩ ዘንድ የመረጡ፣ በመዓርገ ጵጵስናቸውም ገና በ1944 በናዚ ወዳጆች እጅ ወህኒን የቀመሱ አባት ነበሩ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1945 የኤስተርጎም ሊቀ ጳጳሳት፣ በማግሥቱም ዓመት ካርዲናል ሆነው በተሾሙ ጊዜ፣ በሶቪየት ጦር ጥላ ሥር የበረቱት ኮሙኒስቶች ቤተ ክርስቲያንን ከእጃቸው ሊያስገቡ ተነሥተው ነበር።

የጠቡ ሥር ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1948 መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቤቶች በወረሰ ጊዜ ካርዲናሉ በአደባባይ ተቃወሙ፤ በዲሴምበር 26 ቀንም፣ ይኸውም ምዕራባውያን የቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስን በዓል በሚያከብሩበት ዕለት፣ ተያዙ። አስቀድመው በጻፉት ማስታወሻ በምንም ሤራ እንዳልተካፈሉ፣ ምናልባት በስማቸው የእምነት ቃል ቢሰማ ግን ከሥጋ ድካም የመጣ ሆኖ እንዲቈጠር አስታውቀው ነበር። የተወሰዱበት በቡዳፔስት የአንድራሺ ጎዳና 60 ቁጥር ቤት ቀድሞ የሀንጋሪ ፋሺስቶች መሥሪያ ቤት የነበረ ነው፤ ጌቶቹ ተለወጡ እንጂ የምድር ቤቱ ሥራ አልተለወጠም።

በዚያም 39 ቀን እንቅልፍ ተነፍገው፣ በጎማ ዱላ ተደብድበው፣ የቀረበላቸውን ወረቀት ፈረሙ፤ ነገር ግን ከስማቸው ቀጥሎ ሁለት የላቲን ፊደላት አከሉ፤ ፍቺያቸውም «ተገድጄ አደረግሁት» ማለት ነበር። መርማሪው ምንነታቸውን ቢጠይቅ፣ ከሮም ርቆ በአገረ ስብከቱ የሚኖር ካርዲናል ማለት ነው ብለው እንደ መለሱለት፣ እርሱም ለጊዜው አምኖ እንዳለፈው፣ ራሳቸው በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ተርከዋል። የቤተ ክርስቲያንን ልሳን የናቀው መርማሪ በዚያው ልሳን ተታለለ፤ በባለቅኔዎች አነጋገር፣ የፊደላቱ ሰም ሹመት፣ ወርቃቸው ግፍ ነበረና።

በፌብሩዋሪ 1949 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። በ1956 ሕዝቡ ተነሥቶ ቢፈቱም፣ ጥቂት ቀን እንኳ ሳይሰነብቱ የሶቪየት ታንኮች ወደ ከተማው ስለ ገቡ፣ ወደ አሜሪካ ሌጋሲዮን ተጠግተው 15 ዓመት ያህል ከዚያ ቅጥር ሳይወጡ ኖሩ። በ1971 ወደ ቪየና ከተሰደዱ በኋላ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ መንበራቸውን በፈቃዳቸው እንዲለቁ ቢጠይቋቸው እምቢ አሉ፤ መንበሩም በ1974 ባዶ ነው ተብሎ ታወጀ። ዱላ ያስፈረመውን እጅ ልመና ሊያስፈርመው አልቻለም። በ1975 በስደት ዐረፉ፤ ዐፅማቸውም ኮሙኒዝም ከወደቀ በኋላ በ1991 ወደ ኤስተርጎም ተመልሶ በካቴድራላቸው ዐረፈ።