ራምቦ የኖረበት ቤት የቱ ነው?

ሐረር የደረሰ እንግዳ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጁገል፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ መኪና ግርግርን ያቋርጣል። መንገዱ ይህን ስም ያገኘው በየደጃፉ ከተደረደሩት የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ከዚያ በጠባቡ መተላለፊያ ታጥፎ አንድ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ፊት ይቆማል። “የራምቦ ቤት” ይሉታል፤ የከተማዋ ሙዚየም ነው።

የሰውየው ታሪክ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ገና በወጣትነቱ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ በታኅሣሥ 1880 እ.ኤ.አ. የኤደኑ ነጋዴ የባርዴ ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ። በ1891 እ.ኤ.አ. እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ።

ቤቱስ?

አንዳንዶች ራምቦ እዚሁ ኖሯል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የእሱ ቤት እዚህ ቦታ ላይ ነበረ፣ በኋላ ፈርሶ ይህኛው ተተካ ብለው ያስታርቃሉ። ሚዛን የሚደፋው ግን ሕንጻውን ከራምቦ ሞት በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ አሠራው የሚለው ነው። ራምቦ መጀመሪያ ያረፈው ባርዴ በተከራየው፣ ግብፅ በሐረር የሾመችው ገዥ የራውፍ ፓሻ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው። የዛሬው ሙዚየም ራሱም የህንዳዊውን ሥራ ይመሰክራል፦ የሐረሪዎች ጥንታዊ ቤት ከድንጋይ ተሠርቶ ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ይህ ግን የተቀረጸ እንጨት፣ ባለ ቀለም መስታወትና በሥዕል ያጌጠ ኮርኒስ አለው።

ስለ ህንዳዊው ነጋዴ የሚነገረው ጥቂት ነው። የህንድ ነጋዴዎች አሻራ ግን በጁገል ሌሎች ባለ ፎቅ ቤቶችም ላይ ይታያል።

በሙዚየሙ ውስጥ ከተሰቀሉት የድሮ ፎቶዎች ፊት ብዙ ሰው ይቆያል። ራምቦ ካሜራ ከአውሮፓ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን አንሥቷል፤ አንዱን በሙዝ ተክል መካከል ቆሞ። ለቤተሰቡ ሲልክ ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውሃ የተነሣ መሆኑን ጽፏል። ፊቱ ዛሬም በውል አይለይም።

ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደዚህ ቤት ግን ጎብኚው የሚመጣው በገጣሚው ስም ተስቦ ነውና፣ አስጎብኚዎች ደረጃውን ሲያስወጡት ስለ ህንዳዊው ነጋዴም ቢነግሩት መልካም ነው።