ሞንታርቦ በሐይቁ ላይ

ሙዚቃው እልም ሲል መጀመሪያ ሳቅን። ዘጠኝ ነበርን፤ የጓደኛችንን ምርቃት ልናከብር ከፍቅር ሐይቅ በኩል ተነሥተን ሐዋሳ ሐይቅ መሃል ገብተናል። ጀልባዋ ከኋላዋ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ተሸክማለች። ባለጀልባው ልጅ ሃያ ምናምን ቢሆነው ነው፤ "እዚህ ሐይቅ ላይ እንደኔ የሚጮህ የለም" ብሎ ነው ያግባባን። እውነቱን ነው። ሞተሩን አጥፍተን እየተንሳፈፍን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በምልክት ነበር የምናወራው። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ቤዙ መንተባተብ ጀመረ፣ ዘፈኑ ቀጠነ፣ ከዚያ ሞተ። ልጁ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ "ቲክ" አለ። በቃ፣ "ቲክ" ብቻ።

ሳቁ ያኔ ቆመ። ለካ ስፒከሩ ሁለት ሰዓት ሲጠጣው የነበረው ባትሪ ሞተሩን የሚያስነሣው ባትሪ ነው።

እየመሸ ነው። ስልክ ተሞከረ፣ ተጮኸ። ከዚያ ዝም አልን፤ ዝም ስንል ደግሞ ሐይቁ መናገር ጀመረ። ውኃው ጀልባዋን ሲመታ፣ ከዳር በኩል ወፎች ሲንጫጩ፣ እና ከደንገሉ አቅጣጫ አንድ ከባድ "ፍርርር" የሚል ትንፋሽ። ማንም "ጉማሬ" ብሎ አፉን አውጥቶ አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን እግራችንን ወደ ውስጥ ሰበሰብን።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ አሣ አጥማጅ እየቀዘፉ መጡ። መረባቸውን ሊጥሉ የወጡ ናቸው። "ጋሼ፣ ጩኸታችንን ሰምተው ነው?" አልኳቸው ገመዱን ሲያስሩልን።

"ኧረ! ዘፈናችሁ ሲጠፋ ነው የመጣሁት። እነዚህ ልጆች አንድ ነገር ሆነዋል አልኩ።" ትንሽ ቀዘፉና ጨመሩበት፦ "ስትዘፍኑማ እኔ ምኑን እሰማለሁ? ጉማሬውንም አልሰማ።"

ይህ ጽሑፍ ከዚያች ዓረፍተ ነገር የመጣ ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ድምፃችንን ማጉላት መቼ ጀመርን? ማንስ ፈቀደልን? ስናጎላ ደግሞ መስማት የሚያቅተው ማነው?

ነጋሪት እና ሕዝብ

በኢትዮጵያ ታሪክ ጮክ ማለት ለረጅም ዘመን የሥልጣን ጉዳይ ነበር። አዋጅ ሲታወጅ ገበያ ላይ ነጋሪት ይጎሰማል፤ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይባላል። ነጋሪት ማስመታት የሹመት ምልክት ነው፤ ማንም ከመሬት ተነሥቶ አይጎስመውም። ይህ ስሜት በጣም ሥር ስለነበረው፣ በ1934 ዓ.ም. መንግሥት ሕጎቹን በወረቀት ማሳተም ሲጀምር እንኳ ጋዜጣውን "ነጋሪት ጋዜጣ" አለው። ወረቀት ድምፅ የለውም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ከበሮ ነው።

በሐይቆቻችን ላይ ደግሞ ሌላ ማጉያ ነበር። ጣና ደሴቶች ላይ ያሉ ገዳማት ውስጥ የተንጠለጠሉ የድንጋይ ደወሎች አሉ። ድንጋዩ ሲመታ ድምፁ ውኃውን ተሻግሮ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ የለም፣ ሽቦ የለም፤ ማጉያው ሐይቁ ራሱ ነው።

ይህ ተረት አይደለም፣ ፊዚክስ ነው። ድምፅ መሬት ላይ ሲሄድ ሣሩ፣ ዛፉና አፈሩ ይመጡታል። ውኃ ግን እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። በዚያ ላይ ከውኃው ወለል ጋር ያለው አየር ቀዝቅዞ ከላይ ያለው ሞቅ ሲል፣ ወደ ሰማይ ሊበተን የነበረው ድምፅ ታጥፎ ወደ ታች ይመለሳል። ጸጥ ባለ ቀን ሐይቅ ዳር ቆማችሁ የሩቅ ጀልባ ወሬ ቃል በቃል ሰምታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ የሰው ብዛት ራሱ ማጉያ ነበር፣ አሁንም ነው። ሲዳማዎች ዘመን መለወጫቸውን፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ ላይ ሲያከብሩ ቄጣላ ይጨፈራል፤ ቡድን በቡድን እየዘመረ ይገባል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያ ድምፅ ከአንድ ሰው ጉሮሮ አይወጣም፤ ሰው ላይ ሰው ሲደመር ነው የሚገዝፈው። እና አንድ የሚገርም ሒሳብ አለ፦ አሥር ሰው የሚዘፍነውን ለጆሮአችን እጥፍ ለማድረግ ሃያ ሰው አይበቃም፣ መቶ ያህል ያስፈልጋል። ይህችን ሒሳብ ያዙልኝ፤ ጀልባው ላይ ስንመለስ ታስፈልገናለች።

ማጉያው ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ1915 ፒተር ጄንሰን እና ኤድዊን ፕሪድሃም የሚባሉ ሁለት ሰዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅልል ከማግኔት ጋር አዋህደው፣ ላዩ ላይ የሸክላ ማጫወቻ ጡሩምባ ገጠሙበት። "ማግናቮክስ" አሉት፤ በላቲን ታላቅ ድምፅ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የገና ዋዜማ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አደባባይ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1919 ደግሞ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ሳን ዲዬጎ ላይ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ በዚሁ መሣሪያ ንግግር አደረጉ። እስቲ አስቡት፤ ከዚያ በፊት መሪ መሆን ማለት ጉሮሮም ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ ዛሬም የምንጠቀምበትን የወረቀት ሾጣጣ ስፒከር መልክ አስያዙት።

ወደኛ አገር የተጎላ ድምፅ የመጣው በመንግሥት እጅ ነው። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ሲጀምር ጣሊያን ለወረራ እየተዘጋጀ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ በድምፅ ማጉያ ይጠራ ነበር፤ ብዙ ወላጆቻችን ያንን ድምፅ ሲያስታውሱ ዛሬም ደስ አይላቸውም። ነጋሪቱ ኤሌክትሪክ ተገጠመለት እንጂ አልተለወጠም፤ አሁንም የሚናገር አንድ ነው፣ የሚሰማ ብዙ።

ግን በጎን ሌላ ታሪክ እየሄደ ነበር። የምሽት ክበብ ባንዶች አምፕሊፋየርና የኤሌክትሪክ ጊታር ይዘዋል። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሰው ሌሊት መንገድ ላይ መገኘት አይችልም፤ ስለዚህ የገባው እስኪነጋ ውስጥ ይቆያል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ውጭ ያለው ማጉያ የመንግሥት ነው፤ ውስጥ ያለው የጭፈራ።

ከዚያ "ሞንታርቦ" መጣ። ልጅ እያለን ሰርግ ቤት "ሞንታርቦ መጣ?" ሲባል ሰምተን ያላደግን አለን? ብዙዎቻችን የአማርኛ ቃል ይመስለናል። የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ ፋብሪካ ስም ነው። እኛ ግን ማንኛውንም ትልቅ ስፒከር ሞንታርቦ አልነው፤ በቻይና ተሠራ፣ በጀርመን ተሠራ ግድ አልሰጠንም። ዕቃ ከፋብሪካው አምልጦ የሕዝብ ሲሆን ስሙም እንዲሁ ያመልጣል። ሰርግ፣ ምርጫ ቅስቀሳ፣ መንፈሳዊ ጉባኤ፣ ልብስ ሻጭ፤ ሁሉም ሞንታርቦ አለው። ነጋሪት ያላስመታ ትውልድ በየደጁ ሞንታርቦ አቆመ።

ይህን የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጃማይካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኪንግስተን ድሆች ግዙፍ ስፒከሮችን መንገድ ላይ እያቆሙ "ሳውንድ ሲስተም" የሚባል ባህል ፈጠሩ፤ ባለቤቶቹ የሚፎካከሩት ማን ይበልጣል፣ የማን ቤዝ ደረት ይመታል በሚል ነበር። ሬጌ የመጣው ከዚያ ውስጥ ነው። ከዚያ ሕዝብ መካከል ራስ ተፈሪያን ደግሞ ከሐዋሳ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀው ሻሸመኔ ላይ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ሰፈሩ። በጥር 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር ሁለቱ የድምፅ ታሪኮች አንድ አደባባይ ላይ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

12 ቮልት

እንግዲህ ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. እንደ ከተማ ስትቆረቆር ማጉያው ቀድሞ ተወልዷል። ጎንደር ነጋሪትን ታስታውሳለች፤ ሐዋሳ ግን የሬዲዮ ዘመን ልጅ ናት። ሞንታርቦው ከሰርግ ቤት ወርዶ ጀልባ ላይ መውጣቱም አይገርምም።

ጀልባ ግን ሰርግ ቤት አይደለም። ያን ቀን የሆነብን ነገር ከሳምንት በኋላ ከባለጀልባው ልጅ ጋር አንድ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ዘንድ ሄደን ተብራራልን። ሰውዬው ቆጥ ላይ እንዳለ ዶሮ ሁለታችንን በየተራ አየና "600 ዋት አምፕሊፋየር ቤት ውስጥ በ220 ቮልት 3 አምፔር አይሞላም" አለ። "በ12 ቮልት ግን 50 አምፔር ነው።"

ልጁ የተጠቀመው 2.5 የሚባለውን የቤት ሶኬት ሽቦ ነበር። ከባትሪው እስከ ስፒከሩ አምስት ሜትር፣ ደርሶ መልስ አሥር ሜትር። በዚያ ሽቦ 50 አምፔር ሲሄድ 3.5 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። አምፕሊፋየሩ 12 ጠይቆ 8.5 ይደርሰዋል፤ የቀረው 175 ዋት ሽቦውን እያሞቀ ይባክናል። ቤንዚን በተጫነበት ጀልባ ላይ! ሽቦው 25 ቢሆን ኖሮ ኪሳራው ሩብ ቮልት ከምናምን ነበር። ፊውዝም አልነበረውም፤ ፊውዝ ደግሞ ቦታው ከባትሪው ሥር ነው፣ ስፒከሩ ጋ አይደለም።

ባትሪውስ? 100 አምፔር-ሰዓት ነው። ከግማሽ በታች ማውረድ ይጎዳዋል። ሙዚቃው በአማካይ 25 አምፔር ከበላ፣ ግማሹ በሁለት ሰዓት ያልቃል። የኛ ሽርሽር ልክ ሁለት ሰዓት ነበር።

ልጁ ግን አንድ ነገር ነው የጠየቀው፦ "እሺ፣ ሌላ ሁለት ስፒከር ብጨምር?" ያቺ የቄጣላ ሒሳብ እዚህ ጋ ትመጣለች። ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮ "ትንሽ ጨመረ" ይላል። እጥፍ ጮኸ ለማሰኘት አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስፒከሮቹን በትይዩ ደርድሮ ቢያስራቸው ደግሞ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች 2 ኦም ይሆናሉ፤ ያንን የማይችል አምፕሊፋየር ይግላል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ትዊተሩ ይቃጠላል።

ኤሌክትሪሽያኑ ያሳየን መፍትሔ በጣም ቀላል ነበር። ድምፅ ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስፒከሩን ከአራት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ብታቀርቡት 12 ዴሲቤል ታተርፋላችሁ፤ ይህ ዋቱን ከአሥራ ስድስት እጥፍ ጋር የሚስተካከል ነው። በነፃ። ማለትም ሁለት ትልልቅ ስፒከር ወደ ሐይቁ አፍጥጠው ከሚጮሁ፣ አራት ትንንሾች ከመቀመጫው ሥር ወደ ተሳፋሪው ዞረው ቢቀመጡ ጀልባው ውስጥ ያለው ሰው ይጠግባል፤ ሐይቁ ግን አይሰማም።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ "ታዲያ ማን ያየኛል?" አለ።

አልፈረድኩበትም። ጩኸቱ ለተሳፋሪ አልነበረም፤ ዳር ላይ ለቆመው ነው። ማስታወቂያው ነው፣ እንጀራው ነው። ጎረቤቱ ጀልባ ሁለት ስፒከር ካላት እሱ አራት ያስፈልገዋል፤ ሦስተኛው ስድስት። የኪንግስተን ፉክክር ሐዋሳ ላይ። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅም ብክለት ተብሎ ተጽፏል፤ ሕግ ግን ማታ ሐይቅ መሃል አብሯችሁ አይቀዝፍም።

ስለዚህ ስለ አጥማጁ ነገርኩት። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ መረብ አመሻሽ ላይ ይጣላል፣ ማለዳ ይሰበሰባል። በጨለማ ውስጥ የሚቀዝፍ ሰው መብራቱ ጆሮው ነው። ጉማሬ የት እንዳለ የሚያውቀው በትንፋሹ ነው፤ አሞራ ገደል ለምሳ የምንበላው ቆሮሶ በዚያ ጆሮ ተጠብቆ የመጣ ነው። ነጋሪት ሲመታ ሕዝቡ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር፣ ምክንያቱም ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ ሁላችንም ጎሳሚ ነን። ጋሼ ግን አሁንም ምርጫ የላቸውም።

ከወራት በኋላ ሐዋሳ ስመለስ ጀልባዋን ፈለግኳት። ሁለት ባትሪ አላት፤ አንዱ ለሞተር ብቻ። ሽቦው ወፍራም ነው፣ ፊውዝ አለው። ከኋላ ያሉት ትልልቆቹ ስፒከሮች አልተነሡም፤ ዳር ስትሆን ይጮሃሉ፣ እንጀራ ነዋ። ከዳር ስትርቅ ግን ልጁ ያጠፋቸውና ከመቀመጫ ሥር ያሉትን ትንንሾቹን ይከፍታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እነሱንም አጠፋቸው። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ "ውይ፣ ለምን?" አለች።

"ጋሼ ሊወጡ ነው" አላት።