የጎረቤት ቢላዋ

ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ እንሰትን የሚያውቀው ከክትፎ ጋር በሚቀርበው ቆጮና ድፎ ዳቦ በሚጋገርበት ኮባ ነው። ወላይታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሶዶ ተነስታችሁ በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና ስትሄዱ ከየቤቱ ጓሮ ብቅ የሚለው ሰፊ ቅጠል የቤተሰቡ ጎተራ ነው። ዝናብ ቀርቶ በቆሎው ሲከዳ እንሰቱ ይቆረጣል። ችግሩ፣ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ የደረሰ እንሰት ሲሞት አብሮት የሚሞተው የአራትና የአምስት ዓመት ጥበቃ ነው።

ገዳዩ አጠውልግ ይባላል። መጀመሪያ መሀል ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ያ ፈሳሽ በባክቴሪያ የተሞላ ነው።

በ1939 እ.ኤ.አ. ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ ስለዚህ የእንሰት በሽታ ጽፎ ነበር። መንስኤውን ለይተው ስም የሰጡት ግን ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪና እንግሊዛዊው ብራድበሪ ናቸው። በ1968 እ.ኤ.አ. ሁለት ገጽ ብቻ የሆነች ጽሑፍ አሳትመው ባክቴሪያውን ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም አሉት። በ1974 ደግሞ ይኸው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ ሆኖ ቆየ። በ2001 እ.ኤ.አ. ግን በሽታው ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያም ኮንጎን፣ ሩዋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ኬንያንና ብሩንዲን አዳረሰ። የዓለም ምርምር በደንብ የዞረበት ያኔ ነው። እንሰት ላይ እያለ ብዙም ያልተወራለት በሽታ፣ ሙዝ ላይ ሲደርስ አጀንዳ ሆነ።

በዚህ መሀል ወላይታ የራሷን ታሪክ ትኖር ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ በአጭሩ ዋዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያቀርብ ነበር። የዘመኑ ተስፋ በቆሎ ነበር። ግን በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲመጣ ወላይታም አልተረፈችም። ስለ ወላይታዋ ቦሎሶ ገበሬዎች የጻፉት ደሳለኝ ራህመቶ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንሰት ለደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬ የሚሰጠውን የመቋቋም አቅምና ያ አቅም ሲሸረሸር የሚመጣውን ተጋላጭነት አሳይተዋል። እንሰቱ ያለቀበት ቤት ክፉ ቀን ሲመጣ የሚቆርጠው የለውም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የሚረጭ ነገር የለም። የታመመውን ተክል የሚያድን ኬሚካል እስካሁን አልተገኘም። አረካ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከተለያየ አካባቢ የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን ይንከባከባል። ተመራማሪዎች ጤነኛ ተክሎችን ሆን ብለው በባክቴሪያው እየወጉ ሲፈትኑ፣ «መዚያ» የሚባለው ዓይነት ከብዙዎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ልብ በሉ፣ መዚያን ላቦራቶሪ አልፈጠረውም። ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲያሻግሩ፣ ስም ሲያወጡለት፣ ዘሩን ሲጠብቁ የኖሩት ገበሬዎች ናቸው። ሆኖም መዚያም ቢሆን ፈጽሞ የማይነካ አይደለም።

ስለዚህ ምርምሩ ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደ ቢላዋው ነው። ሙዝ ላይ በሽታውን በብዛት የሚያዛምቱት አበባው ላይ የሚያርፉ ነፍሳት ናቸው። እንሰት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ስለሚቆረጥ ዋናው አስተላላፊ የሰው እጅ ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ ባክቴሪያውን ይዞለት ይገባል። ከታመመ እንሰት የተባዛ ችግኝም በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ምክሩ ቀላል ነው፦ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቅጠሉን ለከብት አለመስጠት፣ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ።

ቀላል ያልኩት ለመናገር ነው እንጂ ለመፈጸም አይደለም። አምስት ዓመት የጠበቀች እናት ገና መጠውለግ የጀመረውን እንሰት «ንቀይና ቅበሪ» ስትባል፣ ሳይበላሽ ፍቄ ላትርፈው ብትል ማን ይፈርድባታል? በበጋ ሣር ጠፍቶ ላሟ ስትራብ አረንጓዴ ቅጠል መቅበርስ እንዴት ይሆንላታል? እንሰት የሚፋቀው ደግሞ በአብዛኛው በሴቶች፣ ብዙ ጊዜም በጋራ ነው፤ መሣሪያው ከቤት ቤት ይዞራል። ለጎረቤት ቢላዋ መከልከል ነውር ነው። «መጀመሪያ በእሳት ለብልቢው» ማለትም እንደ ስድብ ሊቆጠር ይችላል።

አንድ ሰው ብቻውን ቢጠነቀቅም አይበቃም። የእኔን ጓሮ አጽድቼ፣ ያንቺ ጓሮ ከታመመ በሚቀጥለው ውሰት በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ ነው የምርምሩ ምክር ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ካልሠራበት ዋጋ የሚያጣው። ዳኛቸውና ብራድበሪ ጠላቱን በሁለት ገጽ ለይተው አሳይተዋል። የቀረው ሥራ ግን በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ነው፤ አንዷ ቢላዋ ስትዋስ ሌላዋ ሳታፍር «እሳቱ ይኸውና» እንድትላት፣ ተዋሿም እንዳትቀየማት።