አጥሩን የተከለው ማን ነው?

ወዳጆቼና የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ከቤተ መንግሥት ታሪክ ወጥተን ጓሮ እንገባለን። ስለ ቀርከሃ አጥር ነው የምጽፍላችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ቀርከሃ ሲባል ቻይና የሚመጣበት ሰው ብዙ ነው። ግን አገሩ እዚሁ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንዱ ቆላ የሚወደው፣ ውስጡ ድፍን የሆነው፣ ብዙ ሰው ሽመል የሚለው ነው፤ አሶሳና መተከል ሞልቷል። ሌላው ደጋ የሚወደው፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ነው። ሸካና ባሌ ላይ ዱር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሲዳማና ጋሞ ደጋ ላይ ደግሞ ሰው ከቤቱ አጠገብ ይተክለዋል፤ ዶርዜዎች ያንን ዝሆን የመሰለ ረጅም ቤታቸውን የሚሠሩት በእሱ ነው። እኛ አዊ ውስጥ በየደጃፉ የምናየውም ይኸው የደጋው ነው። እንጅባራ መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው ወንበርና አልጋ አብዛኛው ከሰው አጥር የተቆረጠ ነው።

አሁን የታሪክ አስተማሪ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቀርከሃ እንደ ገብስ በየዓመቱ ዘር አይሰጥም። የሚያብበው በብዙ ዐሥርት ዓመታት አንዴ ነው፣ ካበበ ደግሞ ይደርቃል። ስለዚህ ሰው የሚተክለው ከነሥሩ ቆፍሮ ነው። ልጅ ጎጆ ሲወጣ ከአባቱ አጥር ቆፍሮ ይወስዳል፣ ካልሆነም ከጎረቤት ይለምናል። አንዱ አጥር የሌላው አጥር ቁራጭ ነው ማለት ነው። የሰው የዘር ሐረግ በሉት።

አንድ ዓመት ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ የቤታችሁን አጥር ማን ተከለው? ከየት አመጣው? ግማሾቹ «አላውቅም» ብለው መጡ። አንዲት ልጅ ግን እስከ ቅድመ አያቷ ደረሰች። አያቷ «ልጄ፣ ይሄ የእናቴ ወገን ነው፣ እሷ ስትዳር ከአባቷ ቤት የመጣ ነው» አሏት። ክፍሉ ዝም አለ። አስቡት፣ የሴትዮዋ ስም በየትም ወረቀት ላይ የለም። መቼ እንደተዳረች፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣች የሚመሰክረው ያ አጥር ብቻ ነው።

በርስቱ ዘመን መሬት የሚጠየቀው በዘር ቆጠራና በምስክር ነበር፣ ይህንን ክፍል ውስጥ ተምራችኋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገው። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን ሌላ ድልድል መጣ። እርሻው ሁለት ሦስቴ ተሸነሸነ። የቤቱ ዙሪያ ግን በአብዛኛው ከባለቤቱ እጅ አልወጣም። እኔ እንደሚመስለኝ ቀርከሃችን የተረፈው ለዚህ ነው፤ አጥር ስለሆነ።

ተቀናቃኝ አላጣም ታዲያ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት ገባና አገሩን ሞላው። የሚገርመው፣ ካርል ሹማን የሚባል ጀርመናዊ ለደጋው ቀርከሃ ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት በዚያው ሰሞን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1895። ከዚያ ወዲህ ስሙን ሲቀያይሩት ኖረዋል። ዩሻኒያ ተብሎ በታይዋን ተራራ ስም የተጠራበት ጊዜ አለ (የውጭ ነው የምትሉ እዚህ ላይ ደስ ይበላችሁ)፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ታንዛኒያ ባለ ተራራ ስም ኦልዲያኒያ ሆኗል። አያቶቻችን ሳይሰሙት አለፉ።

በእኛ ዕድሜ የመጣው ዲከረንስ ነው። ፋግታ ለኮማ ሂዱና እዩ፣ የጤፍ ማሳ የነበረው ሁሉ ለከሰል ዲከረንስ ሆኗል። ገበሬውን አልወቅስም፣ ገንዘብ አይቶበታል፣ ልጅ አስተምሮበታል። በቅርቡ በሽታ ገብቶበት ስንቱን እንዳስለቀሰ ግን ታውቃላችሁ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ቀርከሃው ተነቅሎ ብሎኬትና ቆርቆሮ እየቆመ ነው። ዲከረንስ ቢነቀል ችግኝ ይገዛል። ያንን የአያት ቀርከሃ የነቀለ ሰው ዘሩን ከየት ያመጣዋል?

ለማቆየት ብዙ አያስቸግርም። አዛውንቶቹ የነገሩኝን ልጻፍላችሁ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ፣ ዕድሜው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት የሆነውን ከነሥሩ ቆፍራችሁ፣ ጫፉን ቆርጣችሁ ትተክላላችሁ። ፍግና አፈር ከሥሩ መከመር ነው። ክረምት ቡቃያው ሲወጣ ከብት እንዳይደርስበት፤ በሬ አንድ ቀን ከገባበት የዓመቱ ልፋት አለቀ። ሦስት ዓመት ያልሞላው አይቆረጥም። ለጋው ቅርፊቱን ገና አልጣለም፣ ያረጀው ይገረጣል፣ ሽበት የመሰለ ነገርም ያወጣል፣ በዚያ ትለዩታላችሁ። የሚቆረጠው በበጋ ነው፣ በክረምት የተቆረጠን ነቀዝ ቶሎ ይበላዋል። ያረጀ ጉቶ ካልወጣ አጥሩ ከመሃል እየደረቀ ይሄዳል። በጎረቤት በኩል ደግሞ ቦይ ቆፍሩ፣ ሥሩ ድንበር አያውቅም። በዚህ ስንት ሽምግልና እንደተቀመጠ የሰፈራችሁን ሽማግሌ ጠይቁ።

አያቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ፣ ለበዓል ቤት ስትገቡ የአጥራችሁን ነገር ጠይቁልኝ። የመንደሩን ስም፣ ማን እንደተከለው፣ ከማን ቤት እንደመጣ። ደብተር ከፍቻለሁ፣ እስካሁን አሥራ ሰባት አጥር ጽፌያለሁ። ሁለቱ ዘንድሮ ተነቅለዋል።