የድሮና የዛሬ ፎቶግራፎችን ማነጻጸር በቆቦና በራያ ቆላ

የድሮና የዛሬ ፎቶግራፎችን ማነጻጸር ማለት አንድን ቦታ ቀድሞ ከተነሣበት ነጥብ እንደገና አንሥቶ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን መለየት ነው። ዘዴው ለጥናት የዋለው በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲሆን፣ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሴባስቲያን ፊንስተርቫልደር የቲሮል ተራሮችን የበረዶ ግግር እንቅስቃሴ ለመለካት ተጠቅሞበታል። በከተሞች ረገድ የሚጠቀሰው ምሳሌ በረኒስ አቦት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያነሣቻቸው የኒው ዮርክ ጎዳናዎች ናቸው፤ ዳግላስ ሌቨር ከስድሳ ዓመት በኋላ ወደነዚያው ማዕዘኖች ተመልሶ አንሥቷቸዋል። በኢትዮጵያ ዘዴው ከጎዳና ይልቅ ገጠሩን ለማጥናት ነው የዋለው። ከሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች ወሎ በዚህ ረገድ ከፍ ያለ ቦታ አለው።

በወሎ በራያ የምትገኘው ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በስተምሥራቋ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራቧ ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደል አለ፤ መካከሉ ሜዳ ነው። ይህ አቀማመጥ ለአነጻጻሪ ሥራውን ያቀልለታል። የጎዳናው ቤት ሁሉ ፈርሶ ቢሠራ እንኳ የዞብል ጫፍ አይነቃነቅም። የድሮው ፎቶ ከየት እንደተነሣ የሚታወቀው ቅርብ ያለውን ነገር ሩቅ ካለው ጋር በማስተያየት ነው። ለምሳሌ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በድሮው ፎቶ ከአንድ የተራራ ጫፍ በስተግራ ከታየ፣ አንሺው ጉልላቱ እዚያው ቦታ እስኪገባ ድረስ ወደ ጎን ይራመዳል። የሁለቱን ትልቀት ለማስተካከል ደግሞ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። የሌንሱ ዓይነት ፎቶው ምን ያህል እንደሚይዝ ይወስናል እንጂ የነገሮቹን አሰላለፍ አይቀይርም፤ አሰላለፉን የሚወስነው የመቆሚያው ቦታ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ እንቅፋት የሚሆነው በመካከል የበቀለ ባሕር ዛፍ ወይም አዲስ ፎቅ ነው። በዚህ ጊዜ ጥቂት ዞር ብሎ ማንሣትና ዞር መባሉን መመዝገብ ተቀባይነት አለው።

ሰዓትም ይቆጠራል። ፀሐይ ከዞብል ጀርባ ስለምትወጣ፣ ጠዋት ወደ ምሥራቅ የተነሣ ፎቶ ተራራውን ጥቁር ጥላ አድርጎ ያሳየዋል፤ ሸንተረሩና ቁጥቋጦው ተለይቶ የሚታየው ከሰዓት በኋላ ነው። አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት የተነሣ ጥንድ «ተራራው አረንገደ» ወይም «ተራቆተ» አሰኝቶ ሊያሳስት ይችላል። ከዚህም የሚብሰው የወቅት ልዩነት ነው። ራያ የማሽላ አገር ነው፤ ማሽላው በመስከረም ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሆን ከከተማዋ ዳር ያሉትን ቤቶች ጣራቸው ብቻ እስኪቀር ይሸፍናቸዋል። ያው ቦታ በጥር ቃርሚያና አቧራ ይሆናል። ስለዚህ የመስከረም ፎቶ ከጥር ፎቶ ጎን ቢቀመጥ የአገሩን መለወጥ ሳይሆን የመኸሩን መግባት ነው የሚያሳየው። ያልተለመደ ዓመትም አለ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ የራያ ቆቦን ማሽላ ስለመታ፣ በዚያ ጥቅምት የተነሣ የማሳ ፎቶ ለማንኛውም ንጽጽር መነሻ ሊሆን አይገባም።

የሰሜን ኢትዮጵያን መልክዓ ምድር የሚያሳዩት የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች የተነሡት በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) ነው። አንሺዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ከዘመተው የጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጡ ወታደር መሐንዲሶች ነበሩ። ጦሩ ከአሸንጌ ሐይቅ በኋላ በደጋው በኩል ስላለፈ የቆቦ ሜዳ በካሜራው ውስጥ አልገባም፤ የዘመቻው ካሜራ የሄደው ጦሩ በሄደበት ብቻ ነበርና። በቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰን ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ከእነዚህ ፎቶዎች 13ቱን በ2008 (እ.ኤ.አ.) በበጋ ደግመው አንሥተው ውጤቱን በ2009 አሳተሙ። በ140 ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ጥግግት ዐሥር እጥፍ ቢጨምርም፣ ዛፍና ቁጥቋጦ በዝቶ፣ የእርከን ሥራም ተስፋፍቶ ተገኝቷል። ከጭማሪው ከፊሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ የአገር በቀል ዛፎች መልሶ ማቆጥቆጥም ግን በግልጽ ታይቷል። በአንዳንዱ ቦታ የወንዝ ዳር ዛፍ በጎርፍ ተጠርጎ ተገኝቷል። አጥኚዎቹ ይህን ያያያዙት በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወንዞቹ ከሰፉበት የጉዳት ዘመን ጋር ነው።

ለወሎ የቀረበው ጥናት የታሪክ ተመራማሪው የዶናልድ ክረሚ ነው። ክረሚ ጣሊያኖች በ1937 (እ.ኤ.አ.) በወሎ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዞ በ1997 ወደ ቦታዎቹ ሄደ፤ ጽሑፉም በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ወጣ። በጊዜው «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አባባል ከትምህርት ቤት እስከ ፖሊሲ ሰነድ ሳይመረመር ይደገም ነበር። ፎቶዎቹ ግን በ60 ዓመት ውስጥ ዛፍ መብዛቱን እንጂ ማነሱን አላሳዩም፤ ከጭማሪውም ብዙው ገበሬው ራሱ የተከለው ነው። አንድ ምስል ከአንድ ዝነኛ ቁጥር ይበልጥ ያሳመነበት ጊዜ ነው። ነገር ግን የ1937ቱም ካሜራ መንገድ ተከትሎ የሄደ በመሆኑ ከመንገድ የራቀውን አገር አያሳይም።

የራያን ሜዳ ከላይ ለማየት የአየር ፎቶ የተሻለ ነው። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ለጦርነትና ለካርታ ሥራ ያነሷቸው 34,000 ያህል የአየር ፎቶዎች፣ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ አራት አራት እየሆኑ ተለጥፈው፣ አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ተቀምጠው ተገኝተዋል። ከአራቱ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሦስቱ ወደ ጎን አዘንብለው የተነሡ ናቸው። ድርጅቱ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አካል ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሡ የአየር ፎቶዎችም አሉ። አሜሪካ ከ1960 እስከ 1972 የሰበሰበቻቸውና በ1995 ምስጢርነታቸው የተነሣላቸው የኮሮና የስለላ ሳተላይት ምስሎችም ለዚህ ሥራ ይውላሉ። ከ1972 ጀምሮ ያለው የላንድሳት ሳተላይት ምስል ያለማቋረጥ በመቀጠሉ ይመረጣል፤ ግን የምስሉ ነጥብ ባብዛኛው 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሆነ ወንዝና ማሳ ያሳያል እንጂ የቆቦን ጎዳና አያሳይም።

በራያ ከፍተኛውን ለውጥ የሚያሳዩት የወንዝ መውረጃዎች ናቸው። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉት ወንዞች ከምዕራቡ ገደል በክረምት ጎርፍ ሲወርዱ ድንጋይና አሸዋ ተሸክመው ሜዳው ላይ ይበተናሉ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሲደፈን ውሃው በሌላ በኩል ይሰብራል። ዘንድሮ ማሳ የነበረው ለከርሞ ጠጠር ሊሆን ይችላል። የመቀሌና የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአየር ፎቶንና የሳተላይት ምስልን እያስተያዩ ባደረጉት ጥናት የእነዚህን መውረጃዎች ስፋትና ርዝመት ከላይ ባለው ገደል የዕፅዋት ሁኔታ ጋር አያይዘውታል። ሌላው ለውጥ በጋ ላይ የሚታዩት አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ በቆቦ–ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በሚሳብ ውሃ የሚለሙ ማሳዎች ናቸው። በቅርብ ዓመታት ምስሎች ላይ ሸለቆውን የሚያቋርጠው ያልተጠናቀቀው የወልድያ ሐራ ገበያ–መቀሌ የባቡር መስመርም ይታያል።

በከተማዋ ጎዳና ላይ ለንጽጽር የሚያገለግለው ምንጭ ባብዛኛው ከየቤቱ አልበም ይገኛል። ሰው በሠርግ ወይም በጥምቀት ከሱቅ በር ላይ ቆሞ ሲነሣ ከጀርባው የቆርቆሮው ጣራ፣ የመብራት እንጨቱ፣ የጭቃው ግድግዳ አብሮ ይገባል፤ አንሺው ያላሰበው ጀርባ ከዘመናት በኋላ ዋናው መረጃ ይሆናል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ ከተሞች የተስፋፉት ኮብልስቶንና ባጃጅ ቀን ያልተጻፈበትን ፎቶ ዘመን ለመገመት ይረዳሉ። በተለይ የሶለል ፎቶዎች ዋጋ አላቸው። የራያ ቆቦ ልጃገረዶች በነሐሴ አጋማሽ ሶለልን በየዓመቱ ስለሚያከብሩ፣ ፎቶዎቹ ያለ ማንም ዕቅድ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ በነዚያው መንገዶች የተነሡ ተከታታይ ስብስብ ይሆናሉ። ተመራማሪ አስቦ ቢያዘጋጅ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

የንጽጽር ትልቁ አደጋ የመነሻ ዓመት መረጣ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ሞሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ከኮረምና ከመቀሌ ያነሡት የረሀብ ፊልም በቢቢሲ ከታየ በኋላ፣ ወሎ በዓለም ፊት የተሳለው በዚያ ዓመት መልክ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የተደረገ ንጽጽር ሁሉ መሻሻልን ያሳያል፤ ከደህና ዝናብ ዓመት የተነሣ ደግሞ መክፋትን ሊያሳይ ይችላል። ሁለት ፎቶ ሁለት ቀን ነው፤ በመካከሉ የወደመና መልሶ የለማ ነገር ቢኖር አይናገርም። የ1868ቱና የ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) ጥንዶች በጥቅሉ ሲታዩ የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ውድመት ይደብቃሉ፤ ፍንጭ የሰጡት የተጠረጉት የወንዝ ዳርቻዎች ናቸው።

በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዘመን ንጽጽር ሌላ ጥቅም አገኘ። ቆቦ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንዱ ኃይል ወደ ሌላው ተደጋግማ ተላልፋለች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በከተማዋ ስለተፈጸመው የሲቪሎች ግድያ ምስክሮች የሰጡትን ቃል ለማጠናከር በቤተ ክርስቲያን ግቢ አዳዲስ መቃብሮችን የሚያሳዩ የሳተላይት ምስሎችን ተጠቅሟል።

ፎቶ ለንጽጽር እንዲበቃ ቀኑ፣ ቦታውና የካሜራው አቅጣጫ መመዝገብ አለበት። በመዝገብ ቤት የሚፈልግ ሰው የአስተዳደር ስያሜዎችንም ማወቅ ይኖርበታል፤ በንጉሡና በደርግ ዘመን ቆቦና አላማጣ በወሎ ውስጥ በራያና ቆቦ አውራጃ ሥር ስለነበሩ የሁለቱም ፎቶ በአንድ ርዕስ ሊቀመጥ ይችላል። የወረቀት ፎቶ ጀርባ በእርሳስ ይጻፍበታል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላልና። ስልክ ቀኑን በራሱ ይመዘግባል፤ የቦታ መጠቆሚያው ከበራም ቦታውን ይጨምራል። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ምስል ሲላክ ግን ይህ መረጃ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ አብሮ ይሄዳል።