የባሕር ዓሣ በቴክሳስ ሐይቅ

ለእኛ ለቦሌ ልጆች ሐይቅ ማለት በበዓል ሰሞን ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ሄደን የምናየው ነገር ነበር። ሰፈራችን ድረስ የሚመጣው የለገዳዲ ውኃ ብቻ ነው፤ እሱም በቧንቧ፣ ሲመጣ። ዛሬ ግን ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የከተምን የገርጂና የቦሌ ሚካኤል ልጆች ክረምት በገባ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ዘንግ ይዘን ውኃ ዳር እንገኛለን።

ይህን ያስለመደን ዓሣ ራሱም መጤ ነው። ስትራይፕድ ባስ (ስትራይፐር) ባሕር ውስጥ ኖሮ ለመራባት ወንዝ የሚወጣ ዓሣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የሳንቲ ኩፐር ግድብ ሲዘጋ ከግድቡ በላይ የቀረው ዓሣ ባሕር ሳያይ ተራባ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ግዛቶችም ሐይቆቻቸው ውስጥ ይጨምሩት ጀመር። በቴክሳስና በኦክላሆማ ድንበር ያለው ቴክሶማ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተራው ደረሰው፤ በዚያም ዓሣው ያለ ሰው እርዳታ መራባት ቻለ። ሚስጥሩ ወንዞቹ ናቸው። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ሁለት ቀን ገደማ በሚፈስ ውኃ ላይ መንሳፈፍ አለበት፣ ሬድ ሪቨርና ዋሺታ ደግሞ ለዚህ የሚበቃ ርዝመት አላቸው።

ዋይት ባስ ከሚባል ሌላ ዓሣ ጋር የተዳቀለው ሃይብሪድ ደግሞ በ1965 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የተገኘ ነው። ከማራቢያ ጣቢያ እየመጣ ይጨመራል፤ ደጃችን ባለው ሬይ ሃባርድ ሐይቅ የምናገኘውም እሱን ነው። ሰውነቱ ሰፋ ያለ፣ ጎኑ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች ቆረጥ ቆረጥ ያሉ ናቸው። ሙቀትንም ከዋይት ባሱ ወገን ይሁን ከየት፣ ከስትራይፐር የተሻለ ይችላል።

አዲስ አበባ ጃንጥላ በሚዘረጋበት ሐምሌ እዚህ አስፋልቱ ይጋያል። የቴክሶማ ሐይቅ ገጽ ይሞቃል፤ ትልልቁ ስትራይፐር ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ይወርዳል፤ ታች ደግሞ ኦክስጅን የለም። ስለዚህ በሁለቱ መሐል ባለች ስስ ንብርብር ውስጥ ይታጎራል። ሙቀቱ እኛን ቢያቃጥልም የፍለጋውን ግማሽ ይሠራልናል ማለት ነው። ጀልባ ያለው፣ ሁላችን ጋሼ የምንለው ሰው የዓሣ መፈለጊያ ሶናሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ «ባሱን ተዉት፣ ሻዱን ፈልጉ» ይላል። ሻድ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ቀለባቸው ነው። ንጋት ላይ ሻዱን እያሳደዱ ወደ ላይ ከመጡ ውኃው እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል፤ ያኔ ሶናርም አያስፈልግም።

ፍልሰታ የሚገባው በዚሁ ሙቀት መሐል ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባቶች ትቼዋለሁ። ለሚበላ ግን፣ ጎኑ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ በስለት አንሡለት፤ የሚከረፋው እሱ ነው። ነጩ ሥጋ በሚጥሚጣና በቃሪያ ዱለት ሲሆን ከዝዋይ ቆሮሶ አያንስም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በሐምሌና በነሐሴ ከጥልቅ የወጣ ስትራይፐር ሙቅ ውኃ ላይ ቢለቀቅ ብዙውን ጊዜ ይሞታል። የምትበሉትን ያህል ያዙና መንጠቋችሁን ሰብስቡ።